ውሃ ወደ ላይኛው ፎቅ፦ በደረጃ፣ በገመድ ወይስ በደረቅ ቧንቧ?

ፎቅ ላይ እሳት ሲነሳ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ፓምፑ ውሃውን እዚያ ድረስ ይገፋዋል ወይ?» ብሎ ነው። ይገፋዋል። ውሃን 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ 1 ባር ግፊት ይበቃል፤ የጂ+7 ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ደግሞ ከመሬት 24 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ይህ 2.4 ባር ማለት ነው፤ የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕ ግን በተለምዶ 10 ባር ላይ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ግፊቱን የሚጨርሰው የቱቦው ርዝመትና ጥበት ነው። ጊዜውን የሚጨርሰው ደግሞ ያንን ቱቦ ተሸክሞ መውጣቱ።

ስለዚህ ምርጫው የመንገድ ምርጫ ነው። ይህ መመሪያ ጅማ ውስጥ ከጂ+3 እስከ ጂ+7 ላሉ ሆቴሎች፣ የገበያ ማዕከላትና የቢሮ ሕንፃዎች ነው። ለእሳት አደጋ ሠራተኛም፣ ለሕንፃ ባለቤትም፣ ገና ግንባታ ላይ ላለ መሐንዲስም ያገለግላል፤ የሕንፃው ባለቤት ዛሬ የሚወስነው ነገር ነገ የሠራተኛውን ምርጫ ያሰፋዋል ወይም ይዘጋዋል።

መጀመሪያ ሒሳቡ

አንድ ጥቅል ቱቦ 20 ሜትር ነው እንበል። በደቂቃ 475 ሊትር ሲያልፍበት ባለ 45 ሚሊ ሜትር ቱቦ በአንድ ጥቅል 1.1 ባር ገደማ ይበላል። ባለ 65ቱ ለዚያው ውሃ የሚበላው 0.14 ባር ብቻ ነው። ፍሰቱ በእጥፍ አድጎ 950 ሊትር ሲሆን ባለ 65ቱ 0.57 ባር ይደርሳል፤ ፍሰት እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ነውና። ጉም የሚረጭ ኖዝል (የቱቦው መርጫ ጫፍ) በብዛት ከ6 እስከ 7 ባር ይፈልጋል። ዝቅተኛ ግፊት የሚባለው ኖዝል በ3.5 ባር ይሠራል።

አንድ ሕንፃ እንውሰድ፦ ጂ+5፣ ምድሩ 4 ሜትር፣ የቀሩት ፎቆች 3.2 ሜትር ቁመት ያላቸው፣ እሳቱ 4ኛ ፎቅ ላይ። ኖዝሉ ከመሬት 15 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል፤ ለከፍታው 1.5 ባር። ቱቦውን በሙሉ ባለ 45 አድርጋችሁ በደረጃ ብትወጡ 6 ጥቅል ያስፈልጋል፦ 6.6 ለቱቦው፣ 1.5 ለከፍታው፣ 6 ለኖዝሉ፣ በድምሩ 14.1 ባር። ፓምፑ ይጮሃል፣ ቱቦው ይወጠራል፣ ኖዝል የያዘው ሰው ግን እጁ ላይ የሚያገኘው ደካማ ጅረት ነው። ይህ ስህተት ተደጋግሞ የሚሠራው ባለ 45ቱ ለመሸከም ስለሚቀል ነው።

ያንኑ መንገድ ባለ 65 እስከ 3ኛው ፎቅ ማረፊያ አውጥታችሁ፣ እዚያ ማከፋፈያ (አንዱን ቱቦ ወደ ሌሎች የሚከፍል፣ አፎቹ የሚዘጉ ዕቃ) አስራችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ጥቅል ባለ 45 ብትቀጥሉ ድምሩ፣ ለማከፋፈያው ራሱ 0.4 ባር ተይዞ፣ ወደ 10.7 ይወርዳል። እንግዲህ ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት መንገዶች ሁሉ ባለ 65 እስከ ማከፋፈያው፣ ባለ 45 ከማከፋፈያው ወዲያ በሚለው ላይ የቆሙ ናቸው። ማከፋፈያው ሁልጊዜ እሳቱ ካለበት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እሳቱ ባለበት ፎቅ ላይ ቱቦ ማጋጠም ጭስ ውስጥ በርከክ ብሎ ጥርስ መፈለግ ነው።

በደረጃው ላይ መዘርጋት

ማንም ያውቀዋል፣ ምንም ልዩ ዕቃ አይፈልግም፣ ጥሩ ጎኑም በዚሁ ያበቃል። ደረጃ እየዞረ ስለሚወጣ 3.2 ሜትር ለመውጣት ከ12 እስከ 15 ሜትር ቱቦ ይሄዳል። በምሳሌያችን ከመኪናው እስከ 3ኛው ፎቅ 4 ጥቅል ባለ 65 ማለት ነው። በየማዕዘኑ ቱቦው ይታጠፋል፤ አንድ የታጠፈ ቦታ ፍሰቱን በግማሽ ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ በየሁለት ፎቁ ቱቦውን በውጭ በኩል ወደ ግድግዳው የሚገፋ አንድ ሰው መቆም አለበት።

ሌላው ችግር ደረጃው የሰዎቹ መውጫ መሆኑ ነው። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ እናንተ ቱቦ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ውሃ የሞላ ባለ 65 ደረጃ ላይ ተጋድሞ በጨለማ የሚወርድ ሰውን ይጥላል። ቱቦው ያለፈበት በር ደግሞ አይዘጋም፣ ጭሱም በዚያው ወደ ደረጃው ይገባል።

በዚሁ መንገድ ውስጥ ብዙዎች ሳያዩ የሚያልፉት አንድ አቋራጭ አለ፦ በደረጃው መሃል ያለው ባዶ ቦታ። ወደ ላይ ቀና ብላችሁ እዩ። በመወጣጫ ብረቶቹ መካከል የተጨበጠ እጅ የሚያልፍ ከሆነ ቱቦው በቀጥታ ይወጣል፤ አንድ ጥቅል አራት ፎቅ ይሸፍናል። ብዙ ሕንፃዎች ላይ ግን ክፍተቱ ሁለት ጣት ነው፣ አንዳንዱም ላይ ባለቤቱ ለጌጥ ብሎ በመስታወት ወይም በአበባ ማስቀመጫ ዘግቶታል። ግንባታ ላይ ላለ ሰው 20 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መተው ምንም ወጪ የለውም።

በገመድ ከውጭ መሳብ

ለጅማ ሕንፃዎች፣ ደረቅ ቧንቧ (ሕንፃው ላይ ቀድሞ የቆመ ባዶ ቧንቧ) ከሌለ፣ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። 30 ሜትር ርዝመት፣ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ በትንሽ ከረጢት ይታሸጋል። ሁለት ሰዎች ማከፋፈያውን፣ ሁለቱን ጥቅል ባለ 45፣ ኖዝሉንና ገመዱን ብቻ ይዘው በደረጃው ይወጣሉ። ከባዱ ቱቦ መሬት ላይ ይቀራል።

ከእሳቱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ባለው ማረፊያ ላይ መስኮት ይከፈታል። መስኮቱ ከሚነደው ክፍል መስኮት በቀጥታ በታች መሆን የለበትም፤ የሚረግፍ መስታወት ቱቦውን እንደ ምላጭ ነው የሚቆርጠው። የገመዱ አንድ ጫፍ እላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ታች ይወረወራል። ታች ያለው ሰው ገመዱን ከመጋጠሚያው አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ቱቦው ላይ ይጠመጥምና ያስራል፣ ከዚያ ከመጋጠሚያው ራስ አጠገብ አንድ ዙር ይደግማል፤ እንዲህ ሲሆን መጋጠሚያው ቀጥ ብሎ ይወጣል እንጂ በየመስኮቱ ጠርዝ አይጠለፍም። ቱቦው ባዶ ሆኖ ነው የሚሳበው። ውሃ የሞላ 20 ሜትር ባለ 65 ውስጥ 66 ኪሎ ውሃ አለ፤ ሞልቶ ማንም አይስበውም።

ቱቦው መስኮቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሥሩ የታጠፈ ጆንያ ይግባ። የቡና ጆንያ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም፣ ጅማ ውስጥ ደግሞ አይጠፋም። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ተስቦ፣ ከመጋጠሚያው በታች ከደረጃው ብረት ወይም ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር ይታሰራል። የአሉሚኒየም መስኮት ክፈፍ ላይ አትሰሩ፤ ከነክብደቱ ተነቅሎ ይሄዳል። ማከፋፈያው ተጋጥሞ፣ አፎቹ ሁሉ መዘጋታቸው ታይቶ፣ ከዚያ «ውሃ!» ይባላል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር በአብዛኛው አንድ ነው፦ ሳይታሰር ውሃ መጥራት። ውሃው ሲወጣ ቱቦው ይከብዳል፣ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ከነመጋጠሚያው ታች ባለው ሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ውሃ የሚጠራው ያሰረው ሰው ራሱ ይሁን፤ ሌላ ማንም አይጥራ። ፓምፕ ላይ ያለውም ግፊቱን ቀስ እያለ ያንሳ።

በምሳሌያችን ይህ መንገድ 2 ጥቅል ባለ 65 ብቻ ይወስዳል። በአንድ ኖዝል የግፊቱ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ 10.4 በ10.7። ሁለተኛው ኖዝል ሲከፈት ግን በደረጃው በኩል 12.4፣ በገመዱ በኩል 11.2 ይሆናል። ኖዝሎቹን በዝቅተኛ ግፊት ከቀየራችሁ 9.9 እና 8.7 ነው፤ ሁለቱም ከ10 ይወርዳሉ። አዲስ ኖዝል የሚገዛ ካለ ይህን ቁጥር ይያዝ።

የቱቦው ሆድ ራሱ የሚውጠውም ውሃ አለ። በደረጃው በኩል ቱቦውን ለመሙላት ብቻ 328 ሊትር ይሄዳል፣ በገመዱ 196። መኪናው 3,000 ሊትር ብቻ ከያዘ በደረጃው በኩል ከመቶ አሥራ አንድ እጁ ቱቦ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ገመዱ የማይሆንበት ጊዜም አለ። ፊት ለፊቱ ሙሉ በመስታወት የተሸፈነና የማይከፈት ሕንፃ ላይ መስኮት የለም። ከሕንፃው ፊት የመብራት መስመር ካለ ደግሞ አስቡት፤ የከተማ ማከፋፈያ መስመር 15 ኪሎ ቮልት ነው፣ እርጥብ ገመድም ቱቦም ወደዚያ መቅረብ የለበትም። ያኔ የጓሮውን መስኮት ፈልጉ፣ ከሌለ ወደ ደረጃው ተመለሱ።

ደረቅ ቧንቧ

መሐንዲሶች ድራይ ራይዘር የሚሉት ነው፦ በደረጃው ጎን ከታች እስከ ላይ የቆመ ባዶ ባለ 4 ኢንች የብረት ቧንቧ፣ ታች መንገድ ዳር መኪናው የሚገጥምበት አፍ፣ በየፎቁ ማረፊያ ላይ ቫልቭ። ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ነው። 950 ሊትር ሲያልፍበት ብክነቱ በ30 ሜትር ከ0.2 ባር በታች ነው፣ ማለትም የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሜትሩ 8 ሊትር ያህል ስለሚይዝ የ20 ሜትር ቧንቧ ለመሙላት 160 ሊትር ይበቃዋል። የእንግሊዝ መመዘኛ ከ18 እስከ 50 ሜትር ከፍታ ላላቸው ሕንፃዎች ይጠይቀዋል። ከዚያ በታች ላለ ጂ+4 ግን ትርፍ ነው አትበሉ፤ ግንባታው ላይ አብሮ ሲወጣ አንድ ቧንቧ ነው፣ ካለቀ በኋላ ግን ወለል መብሳት ነው።

መጥፎ ጎኑ ጥገና የሚፈልግ መሆኑ ነው፣ ከእሳት ቀን በቀር ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው። የታችኛው ፎቅ ቫልቭ ክፍት ተትቶ ውሃው 1ኛ ፎቅ ያለ የልብስ ሱቅ ላይ ይፈስሳል። የነሐሱ ቫልቭ ተፈትቶ ለቁራሌው ተሽጧል። ጫፉ ላይ አየር ማስወጫ ስላልተገጠመ አየሩ ታምቆ ውሃው ይዘገያል። የመንገድ ዳሩ አፍ ፊት ኪዮስክ ቆሟል፣ ወይም ሳጥኑ ውስጥ ቆሻሻ ተጥሏል።

ቫልቭ ተከፍቶ መቅረትን የሚያስቀረው ቀላል ልማድ ነው፦ ሠራተኛው ሲወጣ በየማረፊያው ቫልቩን በእጁ ነክቶ፣ ወደ ቀኝ አጥብቆ ያልፋል። ሁለት ሴኮንድ ነው። የሕንፃው ባለቤት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ውሃ ሞልቶ በ12 ባር ለ15 ደቂቃ ያስፈትን። ሲፈተን እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ሰው ይቁም፤ ታች ቆሞ ጌጅ ብቻ ማየት የት እንደሚያፈስ አይነግርም።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን የመጋጠሚያ አለመግባባት ነው። በአገራችን ያሉት መኪኖች ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው፣ መጋጠሚያቸውም እንደዚያው፦ የጀርመኑ ሽቶርዝ፣ የእንግሊዙ ወንድና ሴት ያለው፣ የአሜሪካው ባለ ጥርስ ብሎን። ሽቶርዝ ራሱ በመጠን ይለያያል፤ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ለባለ 52 ቱቦ 66 ሚሊ ሜትር፣ ለባለ 65 81፣ ለባለ 75 89 ነው። ቧንቧውን ከመግዛታችሁ በፊት የከተማችሁ መኪና የትኛውን እንደሚይዝ ሄዳችሁ በሜትር ለኩ። ካለቀ በኋላ ከሆነ አስማሚ አሠርታችሁ ሳጥኑ ውስጥ በሰንሰለት እሰሩት።

ሕንፃው ውስጥ ያለው ቀይ ሳጥን

ብዙ ባለ ሕንፃ «እኛ ጋ የእሳት መከላከያ አለ» ሲል የሚያሳየው ይህንን ነው፦ የተጠቀለለ ባለ 1 ኢንች ጎማ፣ ከጣሪያው ሮቶ ጋር የተያያዘ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማይገምቱት ነገር አለ። ውሃው ከላይ ወደ ታች ስለሚመጣ ግፊቱ ደካማ የሚሆነው ከፍ ባለው ፎቅ ላይ ነው። በምሳሌያችን ሕንፃ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከመሬት 21 ሜትር ላይ ነው እንበል። 1ኛ ፎቅ ያለው ሳጥን 1.6 ባር ያገኛል። 5ኛ ፎቅ ያለው 0.3። በ0.3 ባር ጎማው ያንጠባጥባል እንጂ አይረጭም። ይህ ጎማ ለመሥራት ቢያንስ 2 ባር ይፈልጋል፤ በደንብ ሲሠራም በደቂቃ 30 ሊትር ያህል ነው የሚሰጠው። ለቅርጫት እሳት፣ ለተቀጣጠለ መጋረጃ ጥሩ ነው። ክፍሉ ሙሉ ከነደደ በሩን ዘግቶ መውጣት ይሻላል።

ማጠናከሪያ ፓምፕ ከተገጠመስ? ይሠራል፣ መብራት እስካለ። እሳት ሲነሳ ግን መጀመሪያ የሚዘጋው ዋናው ማብሪያ ነው፣ ፓምፑም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ የፓምፑ መስመር ከዋናው ማብሪያ በፊት ተነጥሎ መውጣት አለበት፣ ሳጥኑም ላይ «የእሳት ፓምፕ፣ አትዝጉ» ይጻፍ። ወይም የናፍጣ ፓምፕ ይሁን። ለመጠባበቂያም ውሃ የሚሆን ዘዴ አለ፦ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ መውጫ ከመሃል ከወጣ፣ የእሳቱ ከግርጌ ከወጣ፣ ውሃ በጠፋበት ቀንም 5,000 ሊትር ይቀራል።

ቀይ ሳጥን ያለው ሕንፃ በትንሽ ወጪ ወደ ተሻለ ነገር ሊለወጥ ይችላል። ወራጁ ቧንቧ ብረትና 2 ኢንች ከሆነ፣ ግርጌው ላይ የመኪና አፍና ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ሮቶው ጋ ደግሞ ሌላ ቼክ ቫልቭ ይጨመር፣ በየፎቁም የኖዝል ቱቦ የሚገጥም አፍ ይውጣ፤ አንድ ኖዝል ይችላል። የመኪናውን ግፊት መቻሉ ግን አስቀድሞ ይፈተን። ፒፒአር ከሆነ አትሞክሩት፤ ፕላስቲክ ነው፣ ሙቀት ያለሰልሰዋል።

ከመንገድ መርጨትና መሰላል መኪና

ከመንገድ ላይ ወደ ላይ የሚረጭ ውሃ እስከ 3ኛ ፎቅ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ማዕዘኑ ስለሚቆም ውሃው የሚመታው የክፍሉን ኮርኒስ ብቻ ነው። ከርቀት ሲያዩት ግን ብዙ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ውስጥ ሰው እያለ ደግሞ አትሞክሩ። መሰላል መኪና ካለ ሰው ለማውረድ ተወዳዳሪ የለውም፤ ለውሃ ግን ደልዳላ ቦታና ከመብራት መስመር ነጻ ፊት ይፈልጋል። በጅማው መርካቶ አካባቢ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ በዚህ ላይ ዕቅድ አትመሥርቱ።

ውሃው ከየት?

475 ሊትር በደቂቃ ባለ 3,000 መኪና ከ6 ደቂቃ ትንሽ በላይ ይቆያል። የ10,000 ሊትር ቦቴ 21 ደቂቃ። ሁለት ኖዝል ከሆነ ቦቴው 10 ደቂቃ ተኩል ነው፤ ሁለተኛው ቦቴ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ሁለተኛ ኖዝል ከመክፈታችሁ በፊት ይህን ሰዓት ቁጠሩ። እሳት ላይ ውሃ ከሚቋረጥ አንዱ ኖዝል ሳያቋርጥ ቢሠራ ይሻላል።

ከአዌቱ መሳብ ይቻላል፣ ግን ጅማ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በባህር ወለል ላይ አየሩ ውሃን በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር ይገፋል፣ እዚህ 8.4 ብቻ። በተግባር ከ5.5 እስከ 6 ሜትር ላይ ፓምፑ ውሃውን መሳብ ያቅተው ይጀምራል፤ ስለዚህ ከወንዙ ውሃ ብዙ ከፍ ብላችሁ አትቁሙ። ተንቀሳቃሹ የቤንዚን ፓምፕም ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። የመሳቢያው ወንፊት ከውሃው ፊት 30 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ፣ ከታች ደለሉን ሳይነካ መቀመጥ አለበት። በቅርጫት ውስጥ ክተቱት፤ አንድ ፌስታል ወንፊቱን ከሸፈነው ፓምፑ ባዶ ይዞራል፣ ላይ ያሉት ሰዎችም ያለ ውሃ ይቀራሉ። መኪናው ከሕንፃው ዝቅ ባለ ቦታ ከቆመም፣ ለምሳሌ ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ላይ፣ በየ10 ሜትር ከፍታው 1 ባር ጨምሩ።

ታዲያ የቱን?

ገና እየተገነባ ያለ፣ ከጂ+4 ጀምሮ ያለ ሕንፃ፦ ደረቅ ቧንቧ፣ ያለ ክርክር። ያለቀ ሕንፃ፣ የሚከፈት የደረጃ መስኮት ያለው፦ ገመድ። መስኮቱ የማይከፈት ግን የደረጃው መሃል ክፍት የሆነ፦ በመሃሉ ቀጥ አድርጎ ማውጣት። ሁለቱም ከሌለ በደረጃው ላይ ባለ 65 መዘርጋት፣ ለዚህም ከሁለት ሰው ይልቅ አምስት ማሰማራት። ጂ+2 ላይ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ባለ 45 በደረጃው በቂ ነው።

የሆቴል ወይም የሕንፃ ኃላፊ ከሆናችሁ የትኛው መንገድ ለእናንተ እንደሚሆን ከእሳቱ በፊት በአንድ ከሰዓት ማወቅ ይቻላል። 30 ሜትር ገመድ ይዛችሁ ላይኛው ፎቅ ማረፊያ ውጡ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ጫፉን ጣሉት። መሬት ከደረሰ፣ ሽቦ ካልነካ፣ መኪና ሊቆም የሚችልበት ቦታ አጠገብ ካረፈ፣ ያ መስኮት ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉ። ቁልፉንም ጥበቃው ኪስ ውስጥ አትተዉት።